ኢፉ የት ይሁን? ኮዱ ውስጥ ወይስ ኩዌሪው ውስጥ

ደሴ ፒያሳ ላይ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ ሱቅ እናስብ። መጋዘኑ ኮምቦልቻ ነው። ባለቤቱ ሐጂ ደብተር ሰልችቷቸው «ሲስተም ሥሩልኝ» ብለዋል። ቆርቆሮ፣ ፌሮ፣ ሲሚንቶ፣ ቀለም፣ ሚስማር ይሸጣሉ። ለጅምላ አንድ ዋጋ፣ ለችርቻሮ ሌላ ዋጋ አላቸው። ደንበኛው ደግሞ በእጅም ይከፍላል፣ በዱቤም ይወስዳል።

ሐጂ የሚጠይቁት ነገር ሁሉ «ከሆነ» አለበት። ዱቤ ካለበት በቀይ አሳየኝ። ዕቃው ካለቀ እንዳይሸጥ። ቀን ካልመረጥኩ ሁሉንም አምጣ። እኛ ደግሞ በፒኤችፒም ይሁን በኖድ ወይም በፓይተን ስንጽፍ ያንን «ከሆነ» የምናስቀምጥበት ቦታ ከአንድ በላይ ነው። ኮዱ ውስጥ ኢፍ (የ«ከሆነ» ትእዛዝ) ጽፈን ኩዌሪውን፣ ማለትም ለዳታቤዙ የምንልከውን ጥያቄ፣ እየቆራረጥን መገጣጠም እንችላለን። አንድ ቋሚ ኩዌሪ ጽፈን ሁኔታውን ዌር (የትኞቹ ረድፎች እንደሚመረጡ የሚወስነው የኩዌሪው ክፍል) ውስጥ መክተት እንችላለን። ኩዌሪው ውስጥ ለየረድፉ የሚወስን ኬዝ አለ። ዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጥ ፕሮግራም፣ ስቶርድ ፕሮሲጀር፣ አለ። ሁሉንም ዳታ አምጥቶ ኮድ ውስጥ ማጣራትም አለ፤ እሱን ቶሎ እንገላገለዋለን።

እኔ የምመርጠው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ለመወሰን የሚያስፈልገው መረጃ ያለው ማን ጋ ነው? ተጠቃሚው ፎርሙ ላይ የመረጠው ነገር ከሆነ መረጃው ኮዱ ጋ አለ፤ ኮዱ ይወስን። ከረድፍ ረድፍ የሚለያይ ከሆነ መረጃው ዳታቤዙ ጋ ነው፤ ኩዌሪው ይወስን። እኛ አይተን እስክንወስን ድረስ ሊቀየር የሚችል ከሆነ ደግሞ ክርክር የለም፤ ዳታቤዙ ይወስን።

ሁሉንም አምጥቶ ማጣራት

ላፕቶፕ ላይ በሃምሳ ዕቃ ሲሞከር ይበራል። ሽያጩ ወደ ብዙ ሺህ ሲገባ አንድ ኪሎ ሚስማር ለመሸጥ መጋዘኑን በሙሉ አይሱዙ ላይ ጭኖ ፒያሳ እንደማምጣት ነው። ዳታው በኔትወርክ ይጓዛል፣ ሜሞሪ ይሞላል፣ ኢንዴክሱ (ዳታቤዙ ረድፍ ቶሎ የሚያገኝበት ማውጫ) ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። የቅርንጫፍ ዝርዝርን ለመሰለ ጥቂት ረድፍ ችግር የለውም። ከዚያ ውጭ እለፉት።

የፍለጋ ፎርሙ

ዋናው ውጊያ እዚህ ነው። ፎርሙ ላይ ቅርንጫፍ፣ የዕቃ ዓይነት፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ ቀሪ ዕቃ የሚሉ ሳጥኖች አሉ። ሐጂ አንዳንዴ አንዱን ብቻ ይሞላሉ፤ አንዳንዴ ምንም።

የመጀመሪያው መንገድ ኩዌሪውን በኮድ መገጣጠም ነው። ሁለት ባዶ ዝርዝር ትይዛላችሁ፤ አንዱ ለሁኔታዎች፣ ሌላው ለዋጋዎች። ቅርንጫፍ ከተሞላ «ቅርንጫፍ = ?» የሚለው ወደ መጀመሪያው ይገባል፤ «ደሴ» የሚለው ወደ ሁለተኛው። የዕቃ ዓይነት ከተሞላ እንደዚሁ። መጨረሻ ላይ ሁኔታዎቹን በ«ኤንድ» ታያይዛላችሁ። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ዌር የሚባል ነገር አይጻፍም። ለዳታቤዙ የሚደርሰው የተጠየቀው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ተስማሚ ኢንዴክስ የመምረጥ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ዋጋውን ራሱን ኩዌሪው ላይ አትቀጥሉት። ሁልጊዜ በጥያቄ ምልክት ይለፍ። ይሄን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ይረሳዋል፤ ኦርደር ባይ (ረድፎችን የሚደረድረው ክፍል) ላይ። የኮለም ስም በጥያቄ ምልክት አያልፍም። «ዋጋ» ብላችሁ ብታስተላልፉት ዳታቤዙ እንደ ተራ ጽሑፍ ነው የሚያየው፤ ሁሉም ረድፍ ላይ አንድ ዓይነት ስለሆነ ምንም አይደረደርም። «አልሠራም» ይባልና ከፎርሙ የመጣው ስም በቀጥታ ይቀጠላል። ከፎርሙ የመጣ ጽሑፍ እንደ ትእዛዝ የሚፈጸምበት በር የሚከፈተው ያኔ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ኮዱ ውስጥ የተፈቀዱ ስሞች ዝርዝር ይኑር። ከፎርሙ «ዋጋ» ሲመጣ ከዝርዝሩ ውስጥ እናንተ የጻፋችሁት ስም ይወሰድ። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ወደ ነባሪው ይመለስ። ሽቅብ ወይም ቁልቁል የሚለውም በዚሁ ሕግ ይሂድ።

ሁለተኛው ወጥመድ ዜሮ ነው። ሐጂ «ቀሪው 0 የሆነውን ዕቃ አውጣልኝ» አሉ። ፎርሙ ላይ 0 ገባ። የፒኤችፒው ኤምፕቲ (ዋጋው ባዶ መሆኑን የሚያጣራው) «0»ን እንደ ባዶ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ሁኔታው ይዘለላል፤ ያለቀው ብቻ ሲጠበቅ መጋዘኑ ሙሉ ይዘረገፋል። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ ቁጥሩ 0 ሐሰት ነው፣ ጽሑፉ «0» ግን እውነት ነው። መጠየቅ ያለበት «ነል (ምንም ዋጋ ያልተሰጠው) ነው ወይስ ባዶ ጽሑፍ ነው?» ተብሎ በግልጽ ነው።

አንዳንዶች ኩዌሪውን ሁሌ እውነት በሆነ ሁኔታ፣ «ዌር 1 = 1» ብለው ይጀምሩትና ሌላውን በ«ኤንድ» እየቀጠሉ ይሄዳሉ። ሰሌክት (የሚያነብ ኩዌሪ) ላይ ምንም አይልም፤ እኔም አልጣላውም። ዲሊት ወይም አፕዴት ላይ ግን አይሞከርም። ፎርሙ ባዶ ከመጣ ቴብሉ በሙሉ ይጸዳል። የሚሰርዝ ወይም የሚቀይር ኩዌሪ ስትገጣጥሙ የሁኔታው ዝርዝር ባዶ ከሆነ ኮዱ እዚያው እንቢ ይበል።

ከአንድ በላይ የዕቃ ዓይነት ማስመረጥ ከፈለጋችሁ «ኢን» (ቅንፉ ውስጥ ካሉት አንዱ ከሆነ) ትጠቀማላችሁ። ምንም ሳይመረጥ ሲቀር ቅንፉ ባዶ ይሆናል፤ ማይኤስኪውኤልም ፖስትግሬስም (ሁለት የዳታቤዝ ፕሮግራሞች) ባዶ ቅንፍ ሲያዩ ስህተት ነው የሚሉት። ይሄንንም ኮዱ ቀድሞ ይያዘው።

ሁለተኛው መንገድ አንድ ቋሚ ኩዌሪ ነው። ለእያንዳንዱ ሳጥን «ወይ የመጣው ዋጋ ነል ይሁን፣ ወይ ቅርንጫፉ ከመጣው ዋጋ ጋር እኩል ይሁን» የሚል ቅንፍ ይጻፋል። ሳጥኑ ካልተሞላ ነል ትልካላችሁ፤ ቅንፉ ሁሌ እውነት ይሆናል። የኩዌሪው ጽሑፍ አይለዋወጥም። ይነበባል፣ ይፈተሻል፣ ሪፖርት ማውጫ ውስጥም ይገባል። ውበቱ እሱ ነው።

ዕዳው ደግሞ ፍጥነት ላይ ይመጣል። ዳታቤዙ ለሁሉም አጋጣሚ የሚሆን አንድ ዕቅድ (ዳታውን የሚፈልግበት መንገድ) ካወጣ ለማንኛቸውም ጥሩ የማይሆን ዕቅድ ሊሆን ይችላል። ፖስትግሬስ የተዘጋጀን ኩዌሪ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጊዜ በመጣው ዋጋ ልክ ያቅደዋል። ከዚያ ወጪውን አወዳድሮ ወደ አጠቃላይ ዕቅድ ሊዞር ይችላል። «መጀመሪያ ፈጣን ነበር፣ በኋላ ተንቀራፈፈ» የሚል አቤቱታ ከሰማችሁ አንዱ የሚጠረጠረው ይሄ ነው። ከ12ኛው ቨርዥን ጀምሮ ይሄንን የሚያስተካክል ማዘዣ አለው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ደግሞ ሪኮምፓይል የሚባለውን ማዘዣ ኩዌሪው ጫፍ ላይ ይጨምራሉ።

ትናንሽ እሾሆችም አሉት። ፖስትግሬስ «ይሄ ነል የሆነው ፓራሜትር (ለኩዌሪው ለብቻው የሚላክ ዋጋ) ዓይነቱ ምንድነው?» ብሎ እንቢ ሊል ይችላል፤ ዓይነቱን መንገር ነው። ከዳታቤዝ ጋር በሚያገናኘው የፒኤችፒው ፒዲኦ ደግሞ ኢሙሌሽኑ (ዋጋውን በዳታቤዙ ፈንታ ፒዲኦ ራሱ የሚተካበት ስልት) ከተዘጋ አንድን ስም ያለው ፓራሜትር ሁለት ቦታ መጠቀም አይቻልም፤ ሁለት ስም ስጡት።

ለማሳጠር ብለው «ቅርንጫፍ = ኮአሌስ(?, ቅርንጫፍ)» የሚጽፉም አሉ። «ካልመጣ ከራሱ ጋር አወዳድረው» ማለት ነው። ብልጥ ይመስላል። ግን ቅርንጫፉ ያልተሞላ ረድፍ ካለ ነልን ከነል ጋር ያወዳድራል፤ ያ ደግሞ በኤስኪውኤል (በኩዌሪው ቋንቋ) እውነት አይደለም። ረድፉ ድምፁን አጥፍቶ ከሪፖርቱ ይወጣል። እሱን አልመክርም።

ስለዚህ ሳጥኖቹ ሁለት ሦስት ከሆኑና ቴብሉ ትንሽ ከሆነ ቋሚው ኩዌሪ ይበቃል። ሳጥን ሲበዛ፣ ረድፍም ሲበዛ መገጣጠም ይሻላል። የሐጂ የሽያጭ ታሪክ በየቀኑ የሚያድግ ስለሆነ እኔ ብሆን እገጣጥማለሁ።

በላራቬል (የፒኤችፒ ማዕቀፍ) ለሚሠራ መገጣጠሙ ይቀላል፤ «ዌን» የሚባል ሜተድ አለው። ዋጋው ካለ ሁኔታውን ይጨምራል፣ ከሌለ ይዘላል። ነገር ግን የዜሮው ወጥመድ እሱንም ይከተለዋል፤ «0» ሲመጣ ይዘላል። ሌላው ቅንፍ ነው። «ቅርንጫፉ ደሴ ነው፣ እና ዕዳ አለበት፣ ወይም ቀነ ገደቡ አልፏል» ብላችሁ ያለ ቅንፍ ከጻፋችሁ «እና» ቀድሞ ይያያዛል። ስለዚህ ቀነ ገደቡ ያለፈበት የኮምቦልቻ ደንበኛ ሁሉ ደሴ ሪፖርት ላይ ይወጣል። «ወይም» ያለበትን ክፍል ሁሌ ለብቻው ቅንፍ ውስጥ አስገቡት።

ኬዝ መቼ?

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ሪፖርቱ የብዙ ደንበኞችን ዝርዝር ያወጣል፤ አንዱ የጅምላ ነው፣ ሌላው የችርቻሮ። ኮዱ ቀድሞ ሊያውቅ አይችልም፤ የሚያውቀው ረድፉ ነው። ስለዚህ ኬዝ፦ የደንበኛው ዓይነት ጅምላ ሲሆን የጅምላውን ዋጋ፣ ካልሆነ የችርቻሮውን።

ካሸር አንድ ደንበኛ ፊቱ አቁሞ ሲሸጥ ግን ደንበኛው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ታውቋል። እዚያ ኬዝ አያስፈልግም። ኮዱ የትኛውን ኮለም እንደሚያነብ ወስኖ ይላክ። ለነገሩ የተሸጠበት ዋጋ ሽያጩ ረድፍ ላይ ይጻፍ። ሲሚንቶ ነገ ሲጨምር የትናንቱ ደረሰኝ አብሮ መጨመር የለበትም።

ኬዝ ላይ «ኤልስ» («ካልሆነ» የሚለውን) መርሳት አደገኛ ነው። ማንኛውም ሁኔታ ካልገጠመ መልሱ ነል ይሆናል። ነል በዕቃው ብዛት ሲባዛ ነል ነው። ደማሪው ፈንክሽን ሰም ደግሞ ነልን ዘልሎ ይደምራል። ምንም ስህተት አይታይም፤ ድምሩ ብቻ ይጎድላል። ሐጂ ደብተራቸውን አውጥተው ሲያስተያዩ «ልጄ፣ ይሄ ማሽን ይሰርቃል እንዴ?» ይላሉ።

ቅደም ተከተልም አለው። ኬዝ ከላይ ወደ ታች ያያል፤ መጀመሪያ የገጠመው ላይ ይቆማል። ከ10 በላይ ለገዛ አንድ ቅናሽ፣ ከ100 በላይ ለገዛ ሌላ ቅናሽ ካላችሁ 100ው ከላይ ይቀመጥ። ከተገለበጠ 500 ቆርቆሮ የገዛም የ10ን ቅናሽ ነው የሚያገኘው።

ማይኤስኪውኤል ኢፍ የሚባል አጭር ፈንክሽን አለው። ይመቻል። ፖስትግሬስ ግን የለውም። ኬዝ በ1992ቱ የኤስኪውኤል ስታንዳርድ ውስጥ ስላለ የትም ይሄዳል። ሁለት ፊደል ለመቆጠብ ብሎ ዳታቤዝ ላይ መታሰር አይገባም፤ ኬዝ ይሁን።

የኬዝ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ድምር ላይ ነው። የደሴን ሽያጭ በአንድ ኮለም፣ የኮምቦልቻን በሌላ ኮለም ጎን ለጎን ማውጣት ትፈልጋላችሁ። ሁለት ኩዌሪ አትላኩ። ሰም ውስጥ ኬዝ ክተቱ፦ ቅርንጫፉ ደሴ ሲሆን ብሩን፣ ካልሆነ 0። ለኮምቦልቻም እንደዚሁ። ቴብሉ አንዴ ተነብቦ ሁለቱም ይመጣል። ፖስትግሬስ ከ9.4 ጀምሮ ለዚህ ፊልተር የሚባል የጸዳ አጻጻፍ አለው።

ዌር ውስጥ ግን ኬዝን ባታስገቡት ይሻላል። ብዙውን ጊዜ ኢንዴክሱን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል፤ በ«እና» እና በ«ወይም» መጻፍ ይቻላል።

የመጨረሻዎቹ 20 ከረጢቶች

ይሄኛው ላይ ምርጫ የለም። ሰኞ ነው፤ ገበያው ደርቷል። ሁለት ካሸሮች አሉ፤ አንዱ ፒያሳ፣ አንዱ ኮምቦልቻ መጋዘኑ በር ላይ። የቀረው ሲሚንቶ 20 ከረጢት ነው። ሁለቱም በአንድ ቅጽበት 20 ይሸጣሉ።

ብዙ ሰው የሚጽፈው ኮድ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ በሰሌክት ቀሪውን አንብብ፤ በቂ ከሆነ በአፕዴት ቀንስ። ሁለቱም ያነባሉ፤ ሁለቱም 20 ያያሉ፤ ሁለቱም «በቂ ነው» ይላሉ። ቀሪው −20 ይሆናል። ፒያሳ የከፈለው ሰውዬ አይሱዙ ተከራይቶ፣ ሐረጎን ወርዶ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሲሚንቶው የለም። ኮዱን ላፕቶፕ ላይ ብቻችሁን ስትሞክሩት ይሄ ስህተት በጭራሽ አይታይም።

ሁኔታውን አፕዴቱ ውስጥ አስገቡት፦ «ከዚህ ዕቃ ቀሪ ላይ 20 ቀንስ፣ ቀሪው 20 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ።» ከዚያ ኮዱ «ስንት ረድፍ ተነካ?» ብሎ ይጠይቅ። 1 ከሆነ ተሸጧል። 0 ከሆነ ሌላው ቀድሟል፤ ለካሸሩ «አልቋል» በሉት። ኮዱ ውስጥ ኢፍ አልጠፋም፤ የሚመዝነው ግን የተፈጸመውን ውጤት እንጂ ያረጀ ቁጥር አይደለም።

አንድ ደረሰኝ ላይ ብዙ ዕቃ ካለ ሁሉም በአንድ ትራንዛክሽን ይግባ፤ አንዱ 0 ከመለሰ ሁሉም ይመለስ። ከመቀነሱ በፊት የግድ ማንበብ ካለባችሁ፣ ለምሳሌ የዱቤ ጣሪያ ለማስላት፣ ረድፉን ቆልፎ የሚያነበውን «ፎር አፕዴት» ተጠቀሙ። በተጨማሪ ኮለሙ ላይ ከዜሮ እንዳይወርድ ቼክ (ዳታቤዙ ራሱ የሚያስከብረው ገደብ) አድርጉበት። ማይኤስኪውኤል ላይ ቨርዥኑን እዩ፤ ከ8.0.16 በፊት ቼክን ይቀበልና ምንም አይሠራበትም ነበር።

«ደንበኛው ካለ አድስ፣ ከሌለ መዝግብ» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ኮድ ውስጥ ፈልጎ ከዚያ መወሰን ሁለት ጊዜ ያስመዘግባል። ፖስትግሬስ ከ9.5 ጀምሮ «ኦን ኮንፍሊክት» አለው፤ ማይኤስኪውኤል «ኦን ዱፕሊኬት ኪ አፕዴት» አለው። ሁለቱም የሚሠሩት ለምሳሌ ስልክ ቁጥሩ ላይ ዩኒክ ኢንዴክስ (ተመሳሳይ ዋጋ ሁለቴ የማይቀበል) ካለ ነው።

ስቶርድ ፕሮሲጀር

ዌብሳይቱም፣ የስልክ አፑም፣ የሒሳብ ፕሮግራሙም አንድ ዳታቤዝ የሚነኩ ከሆነ ሕጉን ዳታቤዙ ውስጥ ማስቀመጥ ያዋጣል። አንድ ዌብሳይት ብቻ ላለው ሱቅ ግን ይከብዳል። ነገ እናንተ ሥራ ስትቀይሩ ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ገና የተመረቀ ልጅ ይረከባል። መጀመሪያ የሚከፍተው የኮዱን ፎልደር ነው። ቅናሹ የሚሰላበትን ቦታ እዚያ ካጣው ቀኑን ሙሉ ይፈልጋል።

የኛ ቀንና የኛ ፊደል

ሁለት ጉዳዮች ላይ ኩዌሪውን በከንቱ ስናጨናንቅ አያለሁ። አንዱ ቀን ነው። ሐጂ «የመስከረም 2018 ሽያጭ» ይላሉ፤ ዳታቤዙ የሚያውቀው ፈረንጅኛውን ነው። በኬዝ ወር ለመቁጠር አትታገሉ፤ ጳጉሜ አንዴ 5፣ አንዴ 6 እየሆነች ታዞራችኋለች። ኮዱ ይቀይረው፦ መስከረም 1 ቀን 2018 ሴፕቴምበር 11፣ 2025 ነው፤ ጥቅምት 1 ደግሞ ኦክቶበር 11። ኩዌሪው «ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ከሁለተኛው በፊት» ብቻ ይበል። ኮለሙን በፈንክሽን ስላልጠቀለላችሁት ቀኑ ላይ ያለው ኢንዴክስም ያገለግላል።

ሌላው ስም ነው። ካሸሩ «ፀሐይ» ብሎ መዝግቦ ሐጂ «ጸሀይ» ብለው ይፈልጋሉ። ሁለቱን «ጸ» በሦስቱ «ሀ» ብታባዙ ስድስት አጻጻፍ ነው፤ «ሃ»ን ሳንጨምር። ይሄን ሁሉ በ«ወይም» መደርደር አያዛልቅም። አብሽሩ፣ ቀላል ነው። ሁለተኛ ኮለም ጨምሩ። ስሙ ሲመዘገብ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነርቢያቸው ተቀይረው እዚያ ይቀመጡ፤ ሃ፣ ሓ እና ኃም ወደ ሀ ይግቡ። ሲፈለግም የተጻፈው ቃል በዚያው ፈንክሽን ይለፍ። ደረሰኙ ላይ የሚወጣው ሰውየው ራሱ የሚጽፈው ስም ነው፤ የሚፈለገው በሌላኛው።

ከማስረከባችሁ በፊት

ፎርሙን አንዴ ምንም ሳትሞሉ፣ አንዴ ሁሉንም ሞልታችሁ፣ አንዴ ደግሞ 0 አስገብታችሁ ሞክሩት። በየጊዜው የተገጣጠመው ኩዌሪ ሎግ ላይ ይጻፍ፤ አንብቡት። ከዚያ ኤክስፕሌይን (ዳታቤዙ ዕቅዱን እንዲያሳይ የሚያዝ ቃል) አስቀድማችሁ አስኪዱት። ዳታው ግን ሃምሳ ረድፍ አይሁን። ትንሽ ቴብል ላይ ዳታቤዙ ኢንዴክስ ቢኖርም ላይነካው ይችላል፤ በውሸት ዳታ መቶ ሺህ ረድፍ ሙሉበት። በመጨረሻ የደንበኛ ስም ሳጥን ውስጥ አንድ ነጠላ ጥቅስ አስገቡና ፈልጉ። «አልተገኘም» ካለ ደህና ነው። የኤስኪውኤል ስህተት ካወጣ የሆነ ቦታ ላይ ዋጋ እየተቀጠለ ነውና እሱን ሳታገኙ ፒያሳ አትውጡ።